«ይነቀልልኝ» ከማለታችን በፊት

ብዙዎቻችን ቤት ስለ ታመመ ጥርስ ሲወራ የሚነሳው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው። አንዱ ሩት ካናል ነው፤ እሱ ውድ ነው። ሌላው መንቀል ነው፤ እሱ ይረክሳል። ከዚያ «እንግዲያው ይነቀልልኝ» ተብሎ ነገሩ ያልቃል። እኔ ሦስተኛ መንገድ አለ እላለሁ። ይህ መንገድ ግን ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ወላጆቻችን ጊዜው ሳያልፍ እንዲያውቁት ማድረግ ደግሞ የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የትኛው ሕክምና እንደሚሻላችሁ አልነግራችሁም፤ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንደምትችሉ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

«የጥርስ ነርቭ» የምንለው ነገር ነርቭ ብቻ አይደለም። ከጠንካራው የጥርስ ክፍል ውስጥ የደም ሥር፣ ነርቭና ሕያው ሴሎች ያሉበት ለስላሳ ሥጋ አለ፤ ሐኪሞቹ ፐልፕ ይሉታል። ከሴሎቹ አንዳንዶቹ ሥራቸው ዴንቲን፣ ማለትም የጥርሱን ውስጠኛ ግድግዳ መሥራት ነው። ጥርስ በጥልቀት ሲበላ፣ ሲሰበር ወይም ሐኪሙ የተበላውን ሲያጸዳ ይህ ሥጋ ሊጋለጥ ይችላል። ድሮ ፐልፑ የተጋለጠ ጥርስ እንዳለቀለት ይቆጠር ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ከቀየሩት ሥራዎች አንዱ በ1965 የወጣ ጥናት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጀራልድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአይጦችን ጥርስ ሰርስረው ፐልፑን ከፍተው ተዉት። ከፊሎቹ አይጦች ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ቦታ ያደጉ ነበሩ። የእነሱ ጥርስ ምግብ እየገባበት እንኳ አዲስ ዴንቲን ሠርቶ ቀዳዳውን ደፈነ። እንደ ማንኛውም አይጥ ያደጉት ግን ጥርሳቸው መግል ይዞ ሞተ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ፐልፕን የሚገድለው መጋለጡ ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። ባክቴሪያው ከተከለከለ ጥርስ ራሱን መጠገን ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄው በምን እንሸፍነው ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት መልሱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነበር። ይህን ነገር በ1920 ወደ ጥርስ ሕክምና ያስገባው ሄርማን የተባለ ጀርመናዊ ነው። ስሙ ቢከብድም ነገሩን እናውቀዋለን፤ አገር ቤት ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ ውሃ ሲገባበት የሚሆነው እሱ ነው። ባክቴሪያ ይገድላል፣ ፐልፑንም ቀስቅሶ አዲስ ዴንቲን ያሠራዋል። ድክመቱ ከጊዜ በኋላ መሟሟቱ፣ ከጥርሱ ጋር በደንብ አለመያያዙና ከሥሩ የሚሠራው ዴንቲን ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ያለው መሆኑ ነው።

በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማህሙድ ቶራቢነጃድ ኤምቲኤ የተባለውን ይዘው መጡ። መሠረቱ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው፤ በራጅ እንዲታይ ቢስመዝ ኦክሳይድ ተጨምሮበታል። አዎ፣ ከሙገር ፋብሪካ የሚወጣው ሲሚንቶ ዘመድ ነው! (ለአፍ የሚሆነው ግን ተጣርቶ ለሕክምና የተዘጋጀው ብቻ ነው፤ እቤት እንዳትሞክሩት።) ሲሚንቶ እርጥበት ባለበት ይጠነክራል፣ አፍ ደግሞ እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ለቦታው ይስማማል። ጥሩ አድርጎ ይዘጋል፣ ከሥሩ የሚሠራው ዴንቲንም የተሻለ ነው። ችግሩ ለመጠንከር ሰዓታት መፍጀቱ፣ ውድነቱና ጥርስን ማጥቆሩ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ባዮዴንቲን ከዚያው ቤተሰብ ሆኖ በ12 ደቂቃ ገደማ ይጠነክራል፤ እንደ ኤምቲኤም አያጠቁርም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፐልፑ ጭራሽ እንዳይጋለጥ ማድረግ ነው። የአውሮፓ የኢንዶዶንቶሎጂ ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ጥልቅ ሆኖ በተበላ ጥርስ ላይ ፐልፑ አጠገብ ያለውን የለሰለሰ ክፍል ጠራርጎ ከማውጣት ይልቅ ጥቂቱን ትቶ በደንብ መድፈን እንደሚቻል ይቀበላል። የአሜሪካ የኢንዶዶንቲክስ ባለሙያዎች ማኅበርም በ2021 ሕያው ፐልፕን ማዳን በአዋቂ ጥርስም ላይ ሊታሰብ የሚገባው ሕክምና ነው ብሏል። ይህ የልጆች ጥርስ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሁልጊዜ ይሳካል ማለቴ አይደለም። ተሸፍኖም በኋላ ሩት ካናል የሚያስፈልገው ጥርስ አለ። አዲሶቹ ማቴሪያሎች ይወደዳሉ፣ ሁሉም ክሊኒክ አይዛቸውም፣ ክትትልም ይፈልጋሉ። «ገንዘቤን ሁለት ጊዜ ከማወጣ አንዴ ነቅዬ ልገላገል» የሚል አባት ሞኝ አይደለም፤ ሒሳብ እየሠራ ነው። ግን ሒሳቡ ላይ የተነቀለው ጥርስ ቦታም ይግባ። በኋላ ይተካ ቢባል ኢምፕላንት ከሁሉም ይወደዳል፤ ካልተተካ ደግሞ ማኘክ ይከብዳል፣ ጎረቤት ጥርሶችም እየዘመሙ ይመጣሉ።

ትልቁ ጠላት መዘግየት ነው። ቀዝቃዛ ሲነካው ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚተው ሕመም ብዙ ጊዜ ፐልፑ ገና ሊድን እንደሚችል ምልክት ነው። ሳይነካ የሚጀምር፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ቶሎ የማይለቅ ሕመም ጉዳቱ እንደጠለቀ ይናገራል። እናቶቻችን ቅርንፉድ ይይዙበታል፤ እውነትም ያደነዝዛል፣ ባክቴሪያውን ግን ከጉድጓዱ አያወጣውም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ተመስገን፣ ለቀቀኝ» የሚለው ነው። ሲያሰቃይ የከረመ ጥርስ ሳይታከም ዝም ካለ ፐልፑ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሦስተኛው መንገድ ተዘግቷል።

ሰው የሚዘገየው በስንፍና አይደለም። እዚህ አሜሪካ ሜዲኬር አብዛኛውን የጥርስ ሕክምና አይሸፍንም፤ የአዋቂዎች ሜዲኬይድም ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቋንቋም አለ። እኛ ልጆቹ አስተርጓሚ ሆነን እንሄዳለን፤ ሐኪሙ ሦስት ደቂቃ ያወራል፣ እኛ «ይነቀል ወይ ነው የሚለው» ብለን እናሳጥረዋለን። በቃላት ማጠር ምክንያት ጥርስ ሲነቀል ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ ከወላጅ ጋር ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ። «ፐልፑ ሕያው ነው? በምን አወቃችሁ?» «ሳይጋለጥ መድፈን ይቻላል?» «ከተጋለጠ በምን ትሸፍኑታላችሁ? በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይስ በኤምቲኤ ዓይነት?» «ካልተሳካ ቀጥሎ ምን ይደረጋል፣ ጠቅላላ ወጪውስ?» ሜዲኬይድ የሚቀበሉትን ጨምሮ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ክሊኒኮች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛ ብላችሁ ጠይቁ። ለገንዘቡ ደግሞ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች በቅናሽ ያክማሉ፤ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም እንደ ገቢ መጠን ያስከፍላሉ።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች አሉን። እነዚህን ጥያቄዎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን በአንድ ገጽ እናዘጋጅ፤ አንድ የጥርስ ሐኪም አይቶ ያርመው፤ ከዚያ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየሐበሻ ሱቁ እናስቀምጠው። የመጀመሪያውን ረቂቅ እኔ እጽፋለሁ። ማን ያግዘኛል?