ሁለት ደቂቃ ቀድማ ገባች፤ እኛ ግን ገና አልደረስንባትም

ኳስ አፍቃሪ ቁጥር ይወዳል። ማን ዋንጫ በላ፣ በስንት ነጥብ ልዩነት፣ ጊዮርጊስ ቡናን መቼና ስንት ለስንት ረታው ብላችሁ ብትጠይቁት ያለ ወረቀት ይዘረግፍላችኋል። (ቡናዎች አትቆጡ፣ የተገላቢጦሹንም እናንተ በደንብ ታውቁታላችሁ!) እስቲ ዛሬ ደግሞ አንድ ቁጥር ከሩጫው መንደር እንዋስ። ቁጥሩ 2 ደቂቃ ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ የኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ቫለንቲና ዬጎሮቫ የመጨረሻውን መስመር የረገጠችው ልክ ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ነው። ሦስተኛዋ ጃፓናዊት ዩኮ አሪሞሪ ነበረች። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁለቱ ዝም ብለው የመጡ ሯጮች አይደሉም። ከአራት ዓመት በፊት ባርሴሎና ላይ ወርቁንና ብሩን የተካፈሉት እነሱ ናቸው። አትላንታ ላይ በሩጫው መጀመሪያ ከፊት ሆና ስታፈተልክ የነበረችው ጀርመናዊቷ ኡታ ፒፒግ ደግሞ ውድድሩን አቋርጣ ወጣች። የበቆጂዋ ልጅ ግን ማንም ሳይደርስባት ብቻዋን ስታዲየም ገባች። በዚያች ቀን የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

«ሁለት ደቂቃ ምን ይገርማል?» የሚል ካለ አብረን እንደምር። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ ውስጥ ከገባበት ከሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. 1984 እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ 11 ጊዜ ተሩጧል። ከሎስ አንጀለሱና ከፋጡማ ውጪ ያሉትን ዘጠኙን ውድድሮች ውሰዱና አንደኛዋና ሁለተኛዋ የተለያዩበትን ሰከንድ ሁሉ ደምሩት። 96 ሰከንድ ነው የሚመጣው። የፋጡማ ብቻውን 120 ነው! የዘጠኝ ኦሊምፒክ ልዩነት አንድ ላይ ተደምሮ የእሷን አያህልም። እስከ ዛሬም በሴቶች የኦሊምፒክ ማራቶን በዚህ ያህል ልዩነት ያሸነፈ የለም። በኳስ ቋንቋ ይሄ በጭማሪ ሰዓት በተገኘች ጎል የተበላ ዋንጫ ሳይሆን በፍጻሜ ጨዋታ 5 ለ 0 ነው።

ታዲያ ይህቺን ሴት ለምንድነው ከሌሎቹ በታች የምናነሳት?

አንዱ ምክንያት የቀኑ ነገር ነው። ፋጡማ ወርቁን ባመጣች ማግስት ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ከኬንያዊው ፖል ቴርጋት ጋር ተናንቆ አሸነፈ። አገር በኃይሌ ሰከረ፤ መስከሩም ትክክል ነበር። የአሰላው ልጅ ድል ግን የበቆጂዋን ልጅ ድል በ24 ሰዓት ውስጥ ከወሬው አናት አወረደው። በዚያ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን የወርቅ መዝገብ የከፈተችው እሷ መሆኗን ዛሬ ስንቱ ያስታውሳል?

ሁለተኛው ምክንያት ከባድ ነው። እኛ ጀግናን የምንለካው በትራክ ነው። የመጨረሻው ዙር ደወል፣ ፍንጠዛው፣ ባንዲራው፣ ይሄ ሁሉ ከቴሌቪዥን ፊት ያስጨፍራል። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን የወደድናቸው በዚያ ነው። ፋጡማ ግን የጎዳና ሯጭ ነች። በዚያው በ1996 ሮም ላይ፣ ከዚያ አትላንታ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ቦስተን ላይ በ1997፣ በ1998 እና በ1999 ሦስት ጊዜ ተከታትላ አሸነፈች። ቦስተን እንደ ኦሊምፒኩ ሁሉ ያኔ አሯሯጭ የማይሰለፍበት፣ ዳገቱም እግር የሚሰብር ጎዳና ነው። ከእሷ በፊት ሦስት ዓመት በተከታታይ የነገሠችበት ያቺው ኡታ ፒፒግ ነበረች። በ2000 ግን ፋጡማ ቦስተን ላይ ሦስተኛ፣ ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ደግሞ ዘጠነኛ ወጣች። እኛም ከዚያ በኋላ ፊታችንን አዞርን።

የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ሰዓቷን አይተው ይንቁታል። ምርጥ ሰዓቷ 2:23:21 ነው። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣለች። እውነት ነው፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ነገር ግን የዛሬው ጫማ ሌላ፣ የበርሊን ጎዳና ሜዳማ፣ አሯሯጩም ከፊት አለ። ራሷ ትዕግሥት ብትጠየቅ የኦሊምፒክ ማራቶን በሰዓት እንደማይሸነፍ ታውቀዋለች። ፓሪስ ላይ በ2024 ወርቁን ያጣችው በ3 ሰከንድ ነው፤ የወሰደችባትም አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ናት። እስከ ፓሪስ ድረስ ይህን ወርቅ ለኢትዮጵያ ያመጡ ሴቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፋጡማ እና በ2012 ለንደን ላይ ያሸነፈችው ቲኪ ገላና። ሁለቱም የበቆጂ ልጆች! በዓለም ፈጣን ሴቶች አሉን እያልን በ28 ዓመት ውስጥ ሁለት ወርቅ ብቻ ካገኘን፣ የመጀመሪያዋ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሠራች ከዚህ በላይ ምን ያስረዳን?

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር፣ ምክንያቱም አትላንታ ላይ ከፋጡማ ሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ዘግይታ የገባችው አሪሞሪ ወዴት እንደደረሰች ማየት ደግ ነው። ጃፓኖች የነሐሷን ሴት አልረሷትም። በ2025 የአገሪቱን አትሌቲክስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት እንድትመራ አደረጓት። በ2000 ሲድኒ ላይ ያሸነፈችውን ናኦኮ ታካሃሺን ደግሞ በዚያው ዓመት መንግሥታቸው በብሔራዊ የክብር ሽልማት አንበሸበሻት። እዚያ አገር የሴቶች ማራቶን በቀጥታ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ሯጮችም በኩባንያ ተቀጥረው ደመወዝ እየበሉ ይሮጣሉ።

በእርግጥ እኛም ሁሉን ረስተናል አይባልም። ደራርቱ ከ2018 እስከ 2024 ፌዴሬሽኑን መርታለች። አሰላ ያለው የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል በጥሩነሽ ዲባባ ስም ነው የሚጠራው። ይሄ ያስመሰግናል። ችግሩ አርሲ ላይ ጀግና መብዛቱ ነው። ወርቅ በበዛበት ቤት አንዱ ወርቅ ከሳጥን ስር ይቀራል። ኳስ ላይ ግን እንዲህ አናደርግም። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው ከ60 ዓመት በላይ ስናወራው አለን፤ መንግሥቱ ወርቁንና ሉቻኖ ቫሳሎን ሲጫወቱ ያላየ ልጅ ሁሉ ስማቸውን ይጠራል። ለአንድ ዋንጫ ይህን ያህል ታማኝ የሆነ ሕዝብ ለአፍሪካ የመጀመሪያዋ ወርቅ እንዴት ይሰስታል?

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። ፌዴሬሽኑና የአርሲ ዞን ተነጋግረው በቆጂ ወይም አሰላ ላይ በፋጡማ ሮባ ስም በየዓመቱ የሚካሄድ የሴቶች የጎዳና ሩጫ ይጀምሩ። ሐምሌ 21 ጭቃው አያስሮጥም ከተባለ ጥቅምት ላይ ይሁን። ከኢተያ፣ ከሳጉሬ፣ ከጎበሳ፣ ከየገጠሩ የምትመጣ ልጅ ትራክ ባታገኝ እንኳ መንገድ አላት። ፋጡማ ዓለምን ያሸነፈችው በዚያው በመንገድ ነው። ያቺ ልጅ ደረቷ ላይ በምትለጥፈው ቁጥር ላይ የማን ስም እንደተጻፈ አንብባ፣ ማን እንደሆነች ጠይቃ፣ መልሱን ሰምታ ብትሮጥ ይሻላል። የሚቀጥለው የማራቶን ወርቅ የሚመጣውም ምናልባት ከዚያ ነው።