አዲሱ ቦዲ የራሱ ቁጥር ይሰጠው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አስተያየቴን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እኔ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የምኖር ኢትዮጵያዊ የላሜራ ሠራተኛ ነኝ። መዶሻ መያዝንና በሳልዳቱራ መበየድን የተማርሁት በአዲስ አበባ ሲሆን፥ እንጀራዬን የምበላው ግን የአሜሪካን አሮጌ አውቶሞቢሎች በማደስ ነው። በዚሁ ሥራ የተሠማሩ ወገኖቼን ስለማውቅ፥ የደረሰብኝን ነገር በልቤ ይዤ ከመቅረት በጋዜጣ ማካፈል ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

የፎርድ ፋብሪካ ሙስታንግ የተባለውን አውቶሞቢል በ1964 ዓ.ም. በኒውዮርክ በተደረገው የዓለም ትርኢት ላይ ሲያቀርብ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላም አንድ ሚሊዮን ያህል ተሠራ። ይሁን እንጂ ይህ መኪና እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚችለው ወለሉና ጎኑ ራሱ ነው። በዚህ አገር ደግሞ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፥ ጨውና እርጥበት ላሜራውን ከሥር በልተውት፥ ከላይ ቀለሙ እያብረቀረቀ ከታች ወንፊት የሆነ መኪና ብዙ ጊዜ ወደ ጋራዥ ይመጣል።

ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ፎርድ ፈቃድ ሰጥቶበት፥ ከ1964 እስከ 1966 ዓ.ም. የተሠሩትን ጣሪያቸው የሚታጠፍ ሙስታንጎች የሚመስል አዲስ የታተመ ቦዲ በ15,000 ዶላር ለገበያ መቅረቡ ተነገረ። ቦዲው በሮቹና የኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን አሉት፤ ኮፈኑና የፊት ፓራፋንጎዎቹ ግን ለብቻ ይገዛሉ። ብረቱ ከጥንቱ የጠነከረ፥ የተበየደበትም ነጥብ ከጥንቱ የበዛ ነው። ሞተሩ፥ ካምቢዮው፥ ባሌስትራው፥ መስተዋቱ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦውና ወንበሩ ወይ ከአሮጌው ይወሰዳል፥ ወይ አዲስ ይገዛል። ለካማሮና ለሌሎችም የዘመኑ ጉልበተኛ መኪናዎች እንዲሁ ያለ ቦዲ ይሠራላቸዋል።

በዚህ ሥራ ላይ እኔ ነቀፋ የለኝም። እንዲያውም በበሰበሰ ወለል ላይ ቁራጭ በቁራጭ እየለጠፉ፥ በላዩም ስቱኮ እየቀቡ ለሰው ከመሸጥ ጤነኛ ቦዲ መግዛት ለነፍስም ለገንዘብም ይሻላል። አባቴ ሞፈሩ ሲሰበር አዲስ ይጠርብ፥ ማረሻው ሲያልቅ ሌላ ያስቀጠቅጥ ነበር፤ ያረሰውም እህል አላነሰም። ዳሩ ግን ትናንት የተጠረበውን ሞፈር «ይህ የአያቴ ነው» ብሎ ለጎረቤቱ በብልጫ ዋጋ አልሸጠም። የእኔም ክርክር ይኸው ነው።

በ1965 ዓ.ም. የተሠራ ሙስታንግ ከሞተሩ በስተግራ ባለው የውስጥ ላሜራ ላይ የተመታ ቁጥር አለው። አነባበቡ ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ታሪክ ይነግረዋል። 5 ቢል የ1965 ዓ.ም. ሞዴል ነው፤ ኤፍ ቢል ዲርቦርን ካለው ፋብሪካ የወጣ ነው፤ 08 ቢል ጣሪያው የሚታጠፍ ነው፤ ኬ ቢል ደግሞ 271 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የገባለት ነው። ኬ የሚለው ፊደል ያለበት መኪና ከሌላው ብዙ ስለሚበልጥ፥ ሌባም ነጋዴም ዓይኑን የሚጥለው በዚሁ ፊደል ላይ ነው።

አንድ ቀን እሠራበት ወደ ነበረው ጋራዥ ይህ ፊደል ያለበት፥ ወለሉ የረገፈ ሙስታንግ ተጎትቶ መጣ። ሞተሩ ከሌላ መኪና የተወሰደ ነበር። ባለቤቱ አዲስ ቦዲ ገዛለት። ቦዲውን አዘጋጅቼ፥ በሮቹን አስተካክዬ፥ ፓራፋንጎዎቹን ከገጠምሁ በኋላ የጋራዡ ጌታ ጠራኝ። ይህ ሰው ያገሬ ሰው፥ በዕድሜም ታላቄ ሲሆን፥ እዚህ አገር ስገባ ሥራ የሰጠኝ እርሱ ነው።

«ቁጥሩ ያለበትን ላሜራ ከአሮጌው ቈርጠህ ከአዲሱ ላይ በይደው፤ ብየዳውንም አስተካክለህ ሞርደው» አለኝ።

«ጋሼ፥ ሌላውን ያዘዙኝን ሁሉ እሠራለሁ፤ ይህን ግን እጄ አይሠራውም» አልሁት።

«አንተ ልጅ፥ መኪናው የሰውዬው፥ ቁጥሩም የሰውዬው! አንተን ምን አገባህ?» ብሎ ተቈጣ።

ከሥራ ወጣሁ። የቀረውን ሌላ ሰው ጨረሰው። በሚቀጥለው ዓመት በአሮጌ መኪናዎች ትርኢት ላይ ያንኑ ሙስታንግ አገኘሁት፤ እኔው የገጠምኋቸውን ፓራፋንጎዎች እንዴት እስታለሁ? ፊት ለፊቱ «ከፋብሪካ እንደ ወጣ፤ 1965» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። አንድ አባት ከልጁ ጋር ሆኖ ዋጋ ይጠይቅ ነበር። ለልጁም ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ ያስረዳዋል። እኔም የጋሼን ውለታ አስቤ፥ ምንም ሳልናገር አልፌ ሄድሁ። ሥራዬን በመተዌ አልጸጸትም፤ በዚያ ቀን ዝም በማለቴ ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ጋሼ እንዳለው «የሰውዬው ነው» የሚል ክርክር ይቀርባል። ሌላው ደግሞ «ዘንድሮ ወለሉን፥ ከርሞ በሩን፥ ለሚቀጥለው ጎኑን ብንለውጥ አሮጌው የሚያበቃው የቱ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ ቁጥሩ በቦታው ቆሞ ዕቃው በዙሪያው ሲለወጥ መኪናው ታደሰ ይባላል። ዕቃው ሁሉ አዲስ ሆኖ የሚጓዘው ቁጥሩ ብቻ ሲሆን ግን መኪናው አልታደሰም፤ ሌላ መኪና በሟች ስም ተጠራ እንጂ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል፥ ሌላው ቆፍሮ አውጥቶ ይጠራበት ማለት አይደለም።

በሕግም በኩል ቢታይ አደጋው ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የመኪናን መለያ ቁጥር እያወቀ የነቀለ፥ የፋቀ ወይም የለወጠ ሰው እስከ 5 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ይደነግጋል። ለጥገና ግድ ሆኖበት የነቀለ ጠጋኝ ከዚህ ነጻ ነው፤ የየስቴቱ ሕግ ግን ይለያያል። በካንሳስ ስቴት በ2017 ዓ.ም. አንድ ሰው የ1959 ዓ.ም. ኮርቬት ገዝቶ ሊያስመዘግብ ቢሄድ፥ የቁጥሩ ሰሌዳ ቀደም ሲል በእድሳት ጊዜ ተነቅሎ ተመልሶ የተመታ በመሆኑ መኪናውን ፖሊስ ያዘበት። ገዢው አንዳች ጥፋት ሳይኖርበት ለዓመታት ተከራክሮ፥ ስቴቱም በ2022 ዓ.ም. ሕጉን ለማሻሻል ተገደደ። ያለ ተንኰል የተነቀለ ሰሌዳ ይህን ያህል ካስጨነቀ፥ በተንኰል የተዛወረው ምን ሊያመጣ ነው?

ደግሞስ ቀናው መንገድ መቼ ጠፋ? ብዙዎቹ ስቴቶች ሰው በእጁ ለገጣጠመው መኪና መርምረው አዲስ ቁጥር ይሰጣሉ። በ2015 ዓ.ም. የወጣውም ሕግ አነስተኛ ፋብሪካዎች ቢያንስ 25 ዓመት የሞላቸውን መኪናዎች የሚመስሉ አዳዲስ መኪናዎችን በዓመት እስከ 325 ሠርተው እንዲሸጡ ፈቅዷል። አዲሱ መኪና አዲስ ነኝ ብሎ በአደባባይ መሄድ ይችላል ማለት ነው። ዋጋው ቢያንስም ባለቤቱ ያለ ፍርሃት ይነዳዋል፥ ለልጁም ያወርሰዋል።

ስለዚህ የሙያ ወንድሞቼን የምለምነው፥ አዲስ ቦዲ ስትሠሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የቦዲውን ደረሰኝ ከሊብሬው ጋር አያይዛችሁ ስጡ፤ ቁጥር ቍረጡ ስትባሉ እምቢ በሉ። ገዢዎችም ቀለሙን ከማድነቃችሁ በፊት ቁጥሩ ያለበትን ላሜራ ዙሪያውን ዳስሱ፤ ብየዳው የተሞረደ ከመሰላችሁ የቦዲውን ደረሰኝ አምጣ በሉ። ትርኢት አዘጋጆችም ለአዲስ ቦዲ የተለየ ሰልፍ ያብጁለት፤ የሠራተኛው ጥበብ በዚያ በግልጥ ይመሰገናል።

የጋሼን ውለታ አልረሳሁም፤ ዛሬም ቢያገኘኝ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ውለታ ግን በሌላ ሰው ኪስ አይከፈልም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የላሜራ ሠራተኛ፤ ከሜሪላንድ