ያለ ስንዴ የሚጋገር ቂጣና የቤተ ሰብ ማዕድ

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ መብላት በሕዝባችን ዘንድ ምን ያህል የተከበረ ልማድ እንደ ሆነ ያስረዳል። ነገር ግን በአንዳንድ ቤት ከልጆቹ አንዱ የስንዴ እህል የማይስማማው ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ እናቱ ለእርሱ ብቻ ትንሽ ሳሕን ለይታ ታቀርብለታለች። ልጁ አይራብም፤ ይሁን እንጂ ወንድሞቹና እኅቶቹ ከአንድ ትሪ ሲጎራረሱ እርሱ ዳር ተቀምጦ ይመለከታል። በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ገበታው ስለሚመልስ ቂጣ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት እንዲያመቸን በኬንያ ሞያሌ ያለውን የቤት ውስጥ እራት እንውሰድ። ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቆረቆረች፣ በሁለቱም ወገን በአንድ ስም የምትጠራ ከተማ ናት። ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ገሪውና ሌላውም ጎሣ ተጎራብቶ ይኖርባታል። በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ ሀገሮች መሪዎች በዚያ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከፍተዋል። በገበታዋም ላይ ሁለቱ ሀገሮች ይገናኛሉ፤ እንጀራው የሰሜኑ፣ ኡጋሊውና ቻፓቲው የደቡቡ ነው። ኡጋሊ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንካራ ገንፎ ነው። ቻፓቲ ግን ከሕንድ ሀገር ሰዎች ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባ የስንዴ ቂጣ ስለ ሆነ፣ ስንዴ ለማይስማማው ልጅ ችግሩ የሚነሣው ቻፓቲ በሚቀርብበት ማታ ነው።

ስንዴ የማይስማማው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም አለበት ማለት አይደለም። ከሕመሞቹ ዋነኛው ሴሊያክ ይባላል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲመገብ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ኃይል ትንሹን አንጀት ይጎዳዋል። ከዚህም የተነሣ ምግቡ በሚገባ ወደ ሰውነቱ ስለማይገባ ሆዱ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይበረታበታል፣ ደም ያንሰዋል፤ ሕፃን ከሆነም ዕድገቱ ይገታል። የስንዴ ጠንቅነት እንዲታወቅ ያደረገው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ሲሆን፣ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው የምርምር ጽሑፍ አስረድቷል። ሕመሙ የአውሮፓውያን ብቻ ነው የሚለው አሳብም የቆየ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከምዕራብ ሰሐራ ሕዝብ ልጆች መካከል ከመቶ አምስት ተኩል ያህሉ የዚህ ሕመም ምልክት በደማቸው ተገኝቶባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ልጁን ያመመው ስንዴ መሆኑን የሚጠራጠር ወላጅ ስንዴውን ከመከልከሉ አስቀድሞ ልጁን ለሐኪም ያሳይ። የደም ምርመራው ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ልጁ ስንዴ እየበላ ሳለ ሲደረግ ነውና። ስንዴው ከቀረ በኋላ ግን ምርመራው ሕመሙን ላያገኘው ይችላል።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ግሉተን የሌለበትን እህል መምረጥ አስቸጋሪ አይደለም፤ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ሩዝ ከዚህ ፕሮቲን ነጻ ናቸው። አስቸጋሪው መጋገሩ ነው። የስንዴ ሊጥ ሲለጠጥ የማይበጠሰው ግሉተኑ እንደ መረብ ሆኖ ስለሚይዘው ነው። የበቆሎ ሊጥ ይህ መረብ ስለሌለው በቀዝቃዛ ውኃ ቢለወስ ሲዳምጡት ይሰነጠቃል፣ ሲያጥፉትም ይፈረፈራል። እንግዲህ መረቡን የሚተካ ሌላ ማያያዣ መፈለግ ያስፈልጋል።

ማያያዣው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡ ከቦካ በኋላ ከእርሱ ጥቂቱን ቀንሳ በውኃ ታፈላዋለች፤ መልሳም ከሊጡ ጋር ትቀላቅለዋለች። ይህ አብሲት ይባላል። በእሳቱ ምክንያት የእህሉ ስታርች ውኃ መጥጦ ስለሚያብጥና ስለሚወፍር ሊጡን ያያይዘዋል። የሕንድ ባለሙያዎችም የበቆሎ ቂጣ ሲጋግሩ ዱቄቱን በሙቅ ውኃ ይለውሱታል። በሜክሲኮ ደግሞ ቶርቲያ ለሚባለው ስስ ቂጣ በቆሎውን በኖራ ውኃ ቀቅለው፣ አሳድረውና አጥበው ይፈጩታል፤ ይህም ሊጡን ከማያያዙ በላይ በበቆሎው ውስጥ የታሰረውን ኒያሲን የሚባል ቫይታሚን ይፈታል። ነገር ግን ለምግብ ያልተዘጋጀ የግንባታ ኖራ ወደ ድስት መግባት የለበትም። ለቤታችን የፈላ ውኃ ይበቃል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ሁለት ብርጭቆ የነጭ በቆሎ ዱቄት፣ በስዋሂሊ ኡንጋ የሚባለውን፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ቀላቅሉ። አንድ ብርጭቆ ተኩል ያህል የፈላ ውኃ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ በእንጨት ማንኪያ አማስሉ። ሸፍናችሁ ሃያ ደቂቃ ካቆያችሁ በኋላ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ እስኪለሰልስ በእጅ እሹት። ከዚያም በእንቁላል መጠን እያድቦለቦላችሁ፣ በሁለት ንጹሕ ላስቲክ መካከል አድርጋችሁ በጠፍጣፋ ሳሕን ተጫኑት። ምጣዱ በሚገባ ሲግል እያንዳንዱን ወገን አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ያህል አብስሉ። የበሰለውን ቂጣ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በመሶብ አኑሩት፤ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋልና።

ሙከራውን ለማሻሻል የምትፈልግ እመቤት ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው በሁለት እጅ የበቆሎ ዱቄት ላይ አንድ እጅ የጤፍ ዱቄት መጨመር ነው፤ ቂጣው ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ግን ይጨምራል። ሁለተኛው አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ሙቅ ውኃ ዐሥር ደቂቃ ዘፍዝፎ ወደ ሊጡ ማግባት ነው። ተልባው ስለሚዝለገለግ ቂጣው ወጥ ሲጠቀለልበት ቶሎ አይሰበርም። ማሽላ ብቻውን ሲሆን ግን ስለሚደርቅ ከሌላው ጋር ቢቀላቀል ይመረጣል።

ከአሠራሩ ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ የሚያሻው ንጽሕናው ነው። ስንዴ የተፈጨበት ወፍጮ ሳይጠረግ በቆሎ ቢፈጭበት የቀረው ብናኝ ከበቆሎው ጋር ይገባል፤ ለሴሊያክ በሽተኛ ጥቂቷም ትጎዳለች። ስለዚህ የወፍጮውን ባለቤት አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም። የስንዴ ዱቄት የነካው ወንፊትና ላስቲክ ለዚህ ቂጣ አይዋስ። ከገበያ የሚገዛ እንጀራም ጤፉ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል ሳይጠይቁ ለልጁ መስጠት አይገባም፤ ሊጡ ቢቦካም ግሉተኑ አይጠፋምና። ከገብስ የሚዘጋጅ በሶና ቆሎም እንደ ስንዴው መራቅ አለበት።

በመጨረሻም፣ ቂጣው ለታማሚው ልጅ ብቻ የሚጋገር ከሆነ ድካሙ ሁሉ ግማሽ ፍሬ ብቻ ያፈራል። አባትም እናትም፣ እንግዳም ቢኖር እንግዳው፣ በዚያ ማታ ከዚያው ቂጣ ይብሉ። ቻፓቲው ለአንድ እራት ቢቀር የሚጎዳ የለም። ስንዴው በትሪው ላይ ካለ ግን ፍርፋሪው ከወጡ ይገባል፤ ልጁም እንደ ገና ለብቻው መቀመጡ አይቀርም። የቤቱ ሰው በሙሉ አንድ ቂጣ ሲቆርስ፣ ሕፃኑ «ለእኔ ሲባል ነው» ብሎ ሳያፍር እጁን ከወንድሞቹ ጋር ወደ ትሪው ይዘረጋል።