ከጡብ አፈር የወጣው ጥፍር

ዛሬ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ስለ ተገኘ አንድ የጥንት አውሬ እናነባለን።

አገሩ እንግሊዝ ነው። ኦክሊ በምትባል መንደር አጠገብ ለጡብ የሚሆን ሸክላ አፈር ይቆፈር ነበር። በ1975 ዓ.ም.፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1983፣ አቶ ዊልያም ዎከር የሚባሉ ሰው ወደዚያ ሄዱ። ሥራቸው ቧንቧ መግጠም ነበር። በዕረፍታቸው ጊዜ ግን የጥንት እንስሳትን ቅሪት ይፈልጉ ነበር። እዚያም አንድ ትልቅ ቆልማማ ጥፍር አገኙ። ሲለካ 31 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከአንድ ስንዝር ይበልጣል ማለት ነው።

ወሬው ለንደን ከተማ ካለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደረሰ። ባለሙያዎች መጥተው ቆፈሩ። አጥንቱን ከነድንጋዩ ወደ 20 ኩንታል አወጡ። ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ አጥንቱን ፈልፍሎ ማውጣት ዓመታት ፈጀ። ከአጽሙ ከግማሽ በላይ ተገኘ።

ይህ ብርቅ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሥጋ በል አውሬ በቁጥር ትንሽ ነው። አንድ ነብር ለመኖር ብዙ ሚዳቋ ያስፈልገዋል አይደል? ደግሞም የሞተ እንስሳ አጥንት ይበተናል፣ ይበሰብሳል። ይህን አውሬ ግን ደለል ቶሎ ሸፈነው። አጥንቱም ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይ ተለወጠ።

አውሬው ዳይኖሰር ከሚባሉት እንስሳት ወገን ነው። የኖረው ከ125 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሚሊዮን ማለት ሺህ ጊዜ ሺህ ነው። ያኔ ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

ታዲያ ምን ይበላ ነበር? ዶሮ ስትታረድ ሆዷ ውስጥ ያለው እህል ምን እንደ ለቀመች ይነግረናል። የዚህም አውሬ ሆድ በነበረበት ቦታ የዓሣ ቅርፊት ተገኘ። ቅርፊቱን የሆዱ አሲድ በልቶታል። የአንድ ሣር በል ዳይኖሰር ግልገል አጥንትም አብሮ ነበር። አፉም እንደ አዞ አፍ ረጅም ነው። ስለዚህ ዓሣም ሥጋም ይበላ እንደ ነበር ታወቀ።

በ1979 ዓ.ም. አለን ቻሪግና አንጄላ ሚልነር የተባሉ ሊቃውንት «ባሪዮኒክስ ዎከሪ» ብለው ሰየሙት። «ባሪዮኒክስ» በግሪክ ቋንቋ ከባድ ጥፍር ማለት ነው። «ዎከሪ» ደግሞ ለአግኚው ክብር የተሰጠ ነው።

ልብ እንበል! ቅርፊቱ ብቻውን ሌላ ቦታ ቢገኝ ኖሮ የአውሬውን ምግብ አይነግረንም ነበር። ፊደል ከቃሉ ውስጥ ተነቅሎ ሲወጣ ቃሉ እንደሚበላሽ ነው። ጥፍሩን ያየ ሰው ባይኖርማ፣ አጥንቱ ከአፈሩ ጋር ተፈጭቶ ጡብ በሆነ ነበር።

እኛም ጉድጓድ ስንቆፍር ወይም ስናርስ ድንጋይ የሆነ አጥንት ብናገኝ አንስበረው፤ ከቦታውም አናንሳው። ምልክት እናድርግበትና ለቀበሌ ወይም ለአስተማሪ እንናገር።

ለውይይት፦ በአካባቢያችሁ አፈር ሲቆፈር ምን ምን ተገኝቶ ያውቃል? ያገኘው ሰውስ ምን አደረገው?