ርካሹ ላፕቶፕ ስንት ያስወጣል?

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በግቢው ጥላ ሥር ቆመን ስንጨዋወት የማውቃቸው ባልና ሚስት ወደ እኔ መጡ። ልጃቸው ኮሌጅ ልትገባ ነው። ዕቁብ ደርሷቸው ላፕቶፕ ሊገዙላት አስበዋል፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሊስማሙ አልቻሉም። ባል «ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ይሁን፤ የሰው እጅ ያደከመውን ዕቃ ለልጄ አልገዛም» ይላል። ሚስት ደግሞ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ «ያገለገለ፣ ግን ጠንካራ ግዙ» ስላላት በዚያው ጸንታለች። ሁለቱም የመረጡት ዕቃ ዋጋው ተቀራራቢ ነው። «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

እኔም ከመፍረዴ በፊት «ልጅቷ የምትማረው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ «አካውንቲንግ» አለች እናት። ሁለት ሳምንት ሲከራከሩ ይህን አንድ ጊዜም አላነሡትም ነበር! አብዛኞቻችን ባለትዳሮች እንዲሁ ነን፤ ስለ ዕቃው እንሟገታለን፤ ዕቃው ስለሚሠራልን ሥራ ግን አንነጋገርም። አካውንቲንግ ከሆነ ሥራው ይታወቃል፦ ወርድ፣ ኤክሴል፣ ኢንተርኔት፣ በቪዲዮ የሚሰጥ ትምህርት፣ ምናልባትም ፒችትሪ። አርክቴክቸር የምትማር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ላፕቶፖች አይሆኗትም ነበር፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ባበቃ።

ማታ የሁለቱንም ዕቃ መግለጫ ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ። አዲሱ ላፕቶፕ ሴሌሮን ኤን 4020 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ነው። ያገለገለው ኮር አይ 5-8250 ዩ፣ 8 ጊጋባይት ራም እና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው። ለሻጩ እነዚህ ቁጥሮች ማስታወቂያ ናቸው፤ ለገዢው ግን የወደፊት ወጪውን የሚነግሩ ምስክሮች ናቸው።

በአዲሱ እንጀምር። ሴሌሮን ኤን 4020 ሁለት ኮር ብቻ ያለው፣ ለቀላል ሥራ የተሠራ ዝቅተኛ ፕሮሰሰር ነው። ይህ ብቻውን ነውር አይደለም። ችግሩ እንዲህ ባሉ ርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ ማከማቻው፣ ብዙ ጊዜም ራሙ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የሚመጣ መሆኑ ነው። ሲሞላ ወይም ሲያንስ ነቅሎ ሌላ መተካት አይቻልም። ዊንዶውስ 11 ራሱ ከ20 ጊጋባይት በላይ ይይዛል፤ ማሻሻያ ሲመጣለት ደግሞ ተጨማሪ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በዚህ ላይ ኦፊስና ጥቂት ቪዲዮ ሲጨመርበት 64 ጊጋባይት ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃ እናንተው ገምቱት። ዊንዶውስ 11ን ለመጫን ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ይህ ላፕቶፕ ታዲያ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ በመስፈርቱ ጠርዝ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ያገለገለው ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ፕሮሰሰር ያለው ነው። አሮጌ ነው። ግን አራት ኮር አለው። ለመሥሪያ ቤቶች ተብለው ከተሠሩት ላፕቶፖች አንዱ ስለሆነ የኋላ ክዳኑ በብሎን ይከፈታል፤ ራሙ ይጨመራል፣ ኤስኤስዲው ይቀየራል፣ ኪቦርዱና ባትሪው መለዋወጫ ይገኝላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። ብዙ ሰው «አይ 7 ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እገዛለሁ» ይላል። እባካችሁ ዓይናችሁን አትጨፍኑ። ከአይ 5 ወይም ከአይ 7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። በእነዚህ ዓመታት ፕሮሰሰሮች ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ የሚመጣው አሃዝ ትውልዱን ያሳያል፤ 8250 ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ 7500 ሰባተኛ፣ 3320 ሦስተኛ፤ 10210 ከሆነ ደግሞ አሥረኛ ነው። አይ 7-7500 ዩ ስሙ ትልቅ ሆኖ ሳለ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ አይ 5-8250 ዩ ግን አራት። የአንድ ዓመት ልዩነት ነው ይህን ያመጣው። «አይ 7» ብሎ ብቻ የሚሸጥላችሁን ሰው ሙሉውን ቁጥር ጠይቁት።

ስምንተኛው ትውልድ ሌላም ትርጉም አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። ከዚያ በታች ያሉት ላፕቶፖች የሚረክሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዘዴ ፈልጎ የሚጭንላችሁ ባለሙያ አይጠፋም፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ እንደሚልክ ዋስትና አይሰጥም። ሊነክስ መልመድ ለሚችል ሰው ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ዛሬም ጥሩ ዕቃ ነው። ለተማሪ ልጅ ግን በግሌ አልመክረውም፤ መምህሯም ጓደኞቿም የሚጠቀሙት ዊንዶውስ ነውና።

እንግዲህ እናት ትክክል ናት ልትሉ ትችላላችሁ። አባትም ግን ያለ ምክንያት አልፈራም። ያገለገለ ዕቃ የቀድሞ ባለቤቱን በደል ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሦስታችንም አብረን ሄድን። ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን፤ ሻጩ ትዕግሥተኛ ሰው ስለነበር አልተቆጣንም። የሚቆጣ ሻጭ ቢሆን ኖሮ ጥለነው እንወጣ ነበር።

መጀመሪያ ስክሪኑን ቀስ ብለን ከፈትን፣ ዘጋን፤ ማጠፊያው ሲንቋቋ ወይም የስክሪኑ ጠርዝ ሲሰነጠቅ ነገ ክዳኑ ሁሉ ይሄዳል። ስክሪኑን ነጭ፣ ከዚያም ጥቁር አድርገን ነጠብጣብ ፈለግን። ባዶ ገጽ ከፍተን የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫንን። በእያንዳንዱ መሰኪያ ላይ ፍላሽ ሰክተን አየን። ከዚያም ማሽኑን አጥፍተን ስናስነሣ ባዮስ የሚባለው ክፍል ያለ የይለፍ ቃል መከፈቱን አረጋገጥን፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በብዙዎቹ ሌኖቮዎች ደግሞ ኤፍ 1 ነው የሚጫኑት። ቃል ከጠየቀ፣ ላፕቶፑ የተሰረቀ ወይም ከድርጅት በትክክል ያልተለቀቀ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፤ የወንድምን ንብረት በርካሽ መግዛት ቁጠባ አይደለም።

ባትሪው ላይ ብዙ ቆየን። ሻጮች ሁሉ «ሦስት ሰዓት ይቆያል» ይላሉ። ዊንዶውስ ግን የራሱ የባትሪ ሪፖርት አለው፤ ትእዛዙን ማንኛውም ጠጋኝ ያውቀዋል። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፦ አንደኛው ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም፣ ሁለተኛው ዛሬ ሙሉ ሲሞላ የሚይዘው። የመጀመሪያው 48,000፣ ሁለተኛው 24,000 ቢል ግማሹ አልቋል። የእኛ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ላፕቶፑን ለመተው አያደርስም፤ አዲስ ባትሪ ስንት እንደሆነ ጠይቆ ያንኑ ከዋጋው ለመቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

በዚህ መካከል አባት ቻርጀሩን አንሥቶ ሲያገላብጥ ቆየና «ይህ የራሱ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው። ላፕቶፑ ዴል ነው፤ ቻርጀሩ ግን ስም የሌለው ነው። እኔ አላየሁትም ነበር። በቻርጀር ላይ ሁለት ነገር ይታያል፤ ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ። 19.5 ቮልት በ3.34 አምፒር ሲባዛ 65 ዋት ያህል ይሆናል። ብዙዎቹ የዴል ላፕቶፖች ደግሞ ቻርጀሩ የራሳቸው መሆኑን ያጣራሉ፤ ካላወቁት ማሽኑ በቻርጀሩ ይሠራል እንጂ ባትሪው አይሞላም፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሰው ላፕቶፑ ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፤ የተበላሸ ግን የለም። ሻጩ ሌላ አምጥቶ ቀየረልን።

አዲስ ላፕቶፕ የመግዛት አቅም ለሌላችሁና ቤታችሁ ውስጥ የሚንፏቀቅ ኮምፒውተር ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ያለው ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን በኤስኤስዲ አስቀይሩ፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ወደ 8 አሳድጉ። በእኔ ዕይታ በኮምፒውተር ዓለም ከዚህ የሚበልጥ የገንዘብ ዋጋ የሚሰጥ ግዢ የለም። ለመነሣት አምስት ደቂቃ የሚወስድ ማሽን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲነሣ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ትናንሾቹ ዕቃዎች እንምጣ፤ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ከዓመታት በፊት መንገድ ዳር 128 ጊጋባይት የተጻፈበት ፍላሽ በግማሽ ዋጋ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። በባለቤቴ ስልክ ውስጥ የነበሩትን ፎቶዎችና ድምፆች ሁሉ ወደ እርሱ ገልብጬ ስልኩን አጸዳሁት። ከእነዚያ ውስጥ እናቷ ከማረፋቸው በፊት የልጅነት ታሪካቸውን ሲያጫውቷት የቀዳችው ድምፅ ይገኝ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ስንከፍተው የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተደርድሯል፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በቀር ግን አንዱም አይከፈትም። ጠጋኙ ፈትሾ እውነተኛው አቅሙ 8 ጊጋባይት መሆኑን ነገረኝ። የእንዲህ ያለ ፍላሽ ውስጠኛ ክፍል 128 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ይቀየራል፤ ስምንቱ ከሞላ በኋላ የሚገለበጠው ስሙ ብቻ ይመዘገባል፣ ይዘቱ ይጠፋል ወይም በፊተኛው ላይ ይጻፋል። ባለቤቴ አልተቆጣችም። ዝም አለች። እኔም ያንን ዝምታ ከቁጣ ይልቅ ፈራሁት።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ሳልፈትን አልጠቀምም። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ከዋሸ ያጋልጠዋል። ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ማታ ከፍታችሁት ተኙ። እውነተኛ ፍላሽም ቢሆን ይበላሻልና የማይተካ ነገር በሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ዋናውን አታጥፉ።

መብራት ሲጠፋ የምንመካበት ፓወር ባንክም ከዚህ የተሻለ ታማኝነት የለውም። ላዩ ላይ 50,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል በኪስ የሚገባ ዕቃ አይታችሁ ይሆናል። በብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ ያለው ክብ የባትሪ ድንጋይ ጥሩ ሲባል ወደ 3,500 ያህል ይይዛል፤ ክብደቱም 45 ግራም ገደማ ነው። 50,000 ለመድረስ አሥራ አራት ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ድንጋዩ ብቻ ከ600 ግራም በላይ ነው። በእጃችሁ መዝኑት፤ ከአንድ ስልክ ብዙም የማይከብድ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። እውነተኛው 20,000 እንኳ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 5,000 የሚይዝ ስልክን የሚሞላው ሦስት ጊዜ ያህል ነው። ለጉዞ የምትገዙ ከሆነ አየር መንገዶች ያለ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት ሰዓት መሆኑን አስታውሱ።

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። በዕለቱ ወዲያው አልገዙም። እንደምታውቁት ሱቅ ውስጥ ሆኖ መወሰን ከባድ ነው። ውጭ ወጥተው ቡና እየጠጡ በናፕኪን ላይ አሰሉ፦ አዲሱን ቢገዙ ልጅቷ አራት ዓመት ሳትጨርስ ሌላ መግዛታቸው እንደማይቀር ገመቱ፤ ያገለገለው ግን የባትሪ ዋጋ ተጨምሮበት እንኳ እስከ ምረቃዋ ሊያደርሳት እንደሚችል አዩ። እኔም በዚህ ግምት እስማማለሁ። አባት ግን አንድ ነገር አጥብቆ ያዘ፦ የሦስት ወር ዋስትናው ከነሲሪያል ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ አልገዛም አለ። ሻጩ ትንሽ አንገራገረ፤ በኋላ ግን ጻፈላቸው።

በሁለተኛው ወር የአንዱ መሰኪያ ጉዳይ ሲያስቸግር ያ ደረሰኝ ሠራ፤ ያለ ክፍያ ተጠገነላቸው። ባልየው ይህን ሲነግረኝ ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ሚስትየው ደግሞ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ፍላሽ አወጣችና፣ «ይህንን ሳልሞክረው ለልጄ አልሰጣትም፤ እስቲ ያንን ፕሮግራም ይጫኑልኝ» አለችኝ።