«እርጅና ነው» አትበሉን



አንዲት እናታችን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ አጡ። ለሐኪማቸው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉ። አስተርጓሚው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ስለ ነበረ ነገሩ የሆድ ሕመም ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ቀጠሮ ኀዘናቸው ታወቀና ለመንፈስ ጭንቀት የሚሰጥ ክኒን ታዘዘላቸው። ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ ክኒንም ከዱሮ ጀምሮ ይወስዱ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ምን ሊያመጡ እንደሚችሉ የነገራቸው የለም። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸውን አመማቸው፣ አቅለሸለሻቸው፣ የልጆቻቸውን ስም አምታቱ፣ ሌሊት ተነሥተው ወደቁ። ከክሊኒኩ ያገኘነው መልስ «እርጅና ነው» የሚል ነበር። እኛም፣ እውነቱን እንናገርና፣ አምነን ተመለስን። ሆስፒታል ሲገቡ በደማቸው ያለው ሶዲየም 118 ሆኖ ተገኘ። ጤነኛው ልክ ከ135 እስከ 145 ነው።

ሶዲየም በዕብራይስጥ ናትራን የሚባለው፣ በጨው ውስጥ ያለው ነገር ነው። እንደ ሲታሎፕራም፣ ኤስሲታሎፕራም፣ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ ክኒኖች በአንዳንድ ሰው ላይ ውሃ የሚያስይዘውን ሆርሞን ያበዙታል፤ ኩላሊትም ውሃውን አያስወጣም። ወጥ ላይ ውሃ ሲበዛበት ጨዉ እንደሚጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ «ጨው እናብላቸው» ማለት መድኃኒት አይሆንም። ክኒኑንም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በሆስፒታልም እንኳ ሶዲየሙ ቀስ ተብሎ ነው የሚስተካከለው፤ ከተቻኮሉበት አንጎል ይጎዳል።

«ይህ በጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው» ይሉናል። በወጣቱ፣ አዎን። ነገር ግን ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ሰውነታቸው የቀጠነና ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች የበለጠ እንደሚያሰጋቸው ሐኪሞች የሚያውቁት ነው። የእናታችን መልክ ይህ አይደለምን? ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ አንድ የደም ምርመራ ይገልጠዋል።

«ከተነገራቸው ፈርተው መድኃኒቱን ይተዋሉ» የሚሉም አሉ። ይህ ንቀት ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በእግሩ ሱዳን የገባ ሕዝብ የክኒን ወሬ ያስደነግጠዋል? እኛ መድኃኒቱን አንቃወምም፤ ስንቱን ከጭንቀት እንዳወጣ እናውቃለን። የምንቃወመው ዝምታውን ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ የሕክምናው ጥቅምና ጉዳት ለሕመምተኛው በሚገባው መንገድ እንዲነገረው ያዛል። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር አገልግሎቱ ከሕመምተኛው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲስማማ መመሪያ አወጣ። ወረቀቱ አለ፤ አስተርጓሚው ግን ያው የ12 ዓመቱ ልጅ ነው። መምህራን በምናሠለጥንበት ቦታ ልጆቻችን ከክፍል ስለ መቅረታቸው ብዙ ይወራል፤ በዚያን ዕለት ልጁ የት እንደ ነበር የጠየቀ ግን አላየንም።

ከኩፓት ሆሊም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ይህን ክኒን ከመጀመራቸው በፊት፣ ከጀመሩም ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ናትራናቸው ይመርመር፤ አዋቂ አስተርጓሚም ይቅረብላቸው። እናንተም ወላጆቻችሁ ግራ ሲጋቡ ወይም ሲንገዳገዱ ካያችሁ ነገ አትበሉ። ክኒኑን ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ በዚያው ቀን ሂዱና «ናትራን ይታይልን» በሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ካንቀጠቀጣቸው 101 ደውሉ።

እናታችን ክኒኑ ተለውጦላቸው፣ አእምሮአቸው ተመልሶ ቤታቸው ገብተዋል። ከክሊኒኩ ማብራሪያ የሰጣቸው ግን እስከ ዛሬ የለም።