አስከሬኑ በሰንደቅ ዓላማ፣ ታሪኩ በመቀስ

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በዚያን ዕለት ነው። ፋሲካው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ታዘዘለት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘውና በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። በስደት ያለነውም በያለንበት አለቀስን። ያለቀስነው ግን አንድ ሆነን አልነበረም። ገና ለቅሶው ሳያልቅ «ለንጉሡ ዘፍኗል፣ ለደርግም ዘፍኗል፣ በኢሕአዴግም መድረክ ታይቷል» የሚል ሙግት ተነሣ። በአንድ ወገን የቤተ መንግሥቱ የአበባ ጉንጉን፣ በሌላ ወገን የስደተኛው የክስ መዝገብ። ሁለቱም ስለ ጥላሁን ይናገሩ ነበር፤ ሁለቱም ግን ጥላሁንን ሙሉውን አላነሡትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ታላላቆች ሄደዋል። መንግሥትም ተለውጧል። ያልተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ አርቲስት በሞተ ቁጥር አስከሬኑን በሰንደቅ ዓላማ እየሸፈንን፣ ታሪኩን በመቀስ እንቆርጠዋለን። ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ይህ ጸሐፊ በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራባቸው ዓመታት የአርቲስቶች የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚዘጋጅ በቅርብ አይቷል። አንባቢም ቅርጹን በቃሉ ያውቀዋል። «ከአባቱ ከአቶ እገሌና ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ቦታ ተወለደ። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ…» ተብሎ ይጀመራል። «ለኪነ ጥበብ ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ አበርክቷል» ይባላል። «ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነበር» ተብሎ ይዘጋል። በመካከሉ ሰውየው ከታሰረ «ለጥቂት ጊዜ ከመድረክ ርቆ ቆየ» ይሆናል። ዘፈኑ ከታገደ ጭራሽ አይነሣም። ከተሰደደ «ኑሮውን በውጭ አገር አድርጎ» ይባላል። ቃሉ የተመረጠው ሐዘንተኛውን ለማጽናናት አይደለም፤ ከሟቹ ይልቅ ያሰረውን ላለማስቀየም ነው።

ጥላሁንን ራሱን እንውሰድ። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ አደገ። ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ክቡር ዘበኛ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ፤ ዘፋኙም ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ወደምንለው ቤት ገባ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም ዘፈነ። በረሃብ ዘመን ለወገን እርዳታ ማሰባሰቢያ ዘፈነ። እ.ኤ.አ. በ1993 አንገቱ በስለት ተወግቶ ከሞት ተረፈ። በስኳር በሽታ እግሩን አጣ፤ መድረክን ግን አልተወም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ68 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ውስጥ ዶክትሬቱና የቀብሩ ክብር ሁልጊዜ ይነገራል። ወታደራዊ መለዮ ለብሶ የሚዘፍን ወጣት በጌቶቹ ጠብ ምክንያት ወህኒ መውረዱ ግን በጨረፍታ ይታለፋል። ይህን ከቆረጥን በኋላ የሚቀረው ጥላሁን ሐውልት ነው እንጂ ሰው አይደለም። ፍርሃቱንም፣ ያቺን «እንዴት ልናገረው» የምትል የዘፋኝ ብልሃቱንም አብረን ቀበርናት ማለት ነው። ሰምና ወርቁን እንዲያ የተካነ ሕዝብ፣ ወርቁ ለምን እንደ ተደበቀ ካልነገረው ልጁ ምን ይገባዋል?

አሁን ወደ እኛ ወደ ስደተኞቹ መቀስ እንምጣ። ምክንያቱም እኛም ንጹሕ አይደለንም።

«ለመንግሥት ዘፈነ» የሚለው ክስ ቀላል ነው። ለመሆኑ በዚያ ዘመን ዘፋኝ የት ይቀጠር ኖሯል? ክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሀገር ፍቅር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ሁሉም የመንግሥት ወይም በመንግሥት ጥላ ሥር ያሉ ናቸው። ብዙዎቹ የጦር ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ዝፈን ሲባል አልዘፍንም ማለት ትእዛዝ አለመቀበል ነው። ሸክላ ማሳተም እንኳ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ኪነት ሁሉ በአብዮቱ ስም ተደራጀ፤ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ቤት ሁሉ አፉን አዘጋው። እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ዛሬ በስደት ከምንጮኸው መካከል መምህሩ፣ መሐንዲሱ፣ ወታደሩ፣ ጋዜጠኛው፣ ስንቶቻችን ነን የመንግሥት ደመወዝ ያልበላን? ለራሳችን «ኑሮ ነው» ብለን ያለፍነውን ለዘፋኙ ክህደት ነው ካልን ሚዛናችን የተሰበረ ነው።

ይህን ስል ዘፋኝ አይጠየቅ ማለቴ አይደለም። ለገዳይ ያሞገሰ ዘፈን ካለ ይነገር። ግን ማን አዘዘው፣ ምን ተከፈለው፣ እምቢ ያለውስ ምን ደረሰበት የሚለውም አብሮ ይነገር። ግማሹን ብቻ መናገር ሙት ወቃሽነት እንጂ ታሪክ አይባልም።

ደግሞም ለመንግሥት ያልታዘዙትን መቼ አስታወስናቸው? የአምሃ እሸቴን ስም ከአርባ ዓመት በታች ከሆኑ ስደተኞች ስንቶቹ ያውቁታል? አምሃ ገና ወጣት ሳለ ያንን የሸክላ ክልከላ ጥሶ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን የመሠረተ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ ትልልቅ ሸክላዎች አሳተመ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» ብለን ከምንመካበት ሙዚቃ ብዙው በእጁ ያለፈ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ተሰደደ፤ ዋሽንግተን ኖረ። ዋልያስ ባንድን እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ያመጣውም እሱ ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ 27 ቀን ደግሞ አለማየሁ ተከተለው። የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመውና የዘፈነው በወራት ልዩነት ሄዱ። ሥራቸውን በዓለም ዙሪያ እንደገና ያሰማልን ግን ማነው? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ኅትመቱ ነው። ምስጋና ይገባዋል። ለእኛ ግን ከምስጋናው ጋር ትንሽ እፍረት ቢሰማን መልካም ነው።

ሌላም መቀስ አለ። ሙሉቀን መለሠ ገና በወጣትነቱ የአገር ልብ የሰረቀ ድምፅ ነበር። የጴንጤቆስጤ እምነት ተከትሎ ዘፈኑን ተወ፤ ተሰደደ፤ በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐረፈ። ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣችው ሒሩት በቀለም እንዲሁ ወደ መዝሙር ተመልሳ በ2015 ዓ.ም. ተለየችን። የዘፈን ወዳጆቻቸው የእምነት ዘመናቸውን እንደ ባከነ ዕድሜ ይቆጥሩታል። አንዳንድ የእምነት ወገኖቻቸው ደግሞ የዘፈኑን ዘመን እንደ ኃጢአት ደብተር ሊዘጉት ይፈልጋሉ። ሰዎቹ ግን ሁለቱንም ኖረዋል። አንዱን ለመውደድ ሌላውን መካድ ለምን ያስፈልጋል?

የመድረክና የፊልም ሰዎቻችን ዕጣ ደግሞ ከዘፋኞቹም ይብሳል፤ የዘፋኝ ድምፅ በካሴት ይተርፋል፤ የተዋናይ መድረክ ግን መጋረጃው ሲወርድ ያበቃል። አስናቀች ወርቁ የሴት ገጸ ባሕርይ በወንድ ይጫወት በነበረበት ዘመን መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ክራሯንም ይዛ «አዝማሪ» መባል ስድብ በሆነበት አገር አንገቷን ቀና አድርጋ ኖረች። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታልፍ የክራር ዜማዋ በ«ኢትዮፒክስ» 16ኛ ቅጽ ተርፎልናል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የሕይወቷ ታሪክ በራሔል ሳሙኤል ዘጋቢ ፊልም ሆኖ ቀረበ። ከተጫወተቻቸው ቴአትሮች ግን ምን ያህሉን ማየት ይቻላል? በ1982 ዓ.ም. ያጣነው ወጋየሁ ንጋቱም ቢሆን የዛሬው ትውልድ የሚያውቀው በአንድ ዕድል ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በመተረኩ። ያ ቅጂ ባይተርፍ ኖሮ የሐዲስ ዓለማየሁ ገጸ ባሕርያት በሚሊዮኖች ጆሮ ውስጥ ያላቸው ድምፅ አብሮ ይጠፋ ነበር። ፍቃዱ ተክለማርያም ደግሞ በኩላሊት ሕመም ተይዞ ለሕክምናው ገንዘብ እየተሰበሰበለት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተለየን። አንጋፋ የምንለው ተዋናይ ለመታከም የሕዝብ መዋጮ የሚጠብቅ ከሆነ፣ በሞቱ ማግስት የምንደረድርለት ማዕረግ ለማን ይጠቅማል?

የመቀሱ መጨረሻ የት እንደሚያደርስ ያየነው በሀጫሉ ሁንዴሳ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ታስሮ ወደ አምስት ዓመት ገደማ አምቦ ወህኒ የቆየ ልጅ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ። አስከሬኑ ወደ አምቦ ሲሸኝ ከመንገድ ተመለሰ፤ የት ይቀበር የሚለው ግብግብ ሆነ። በተከተሉት ቀናት ከ160 በላይ ሰዎች አለቁ። ከነዚህ ውስጥ በብሔራቸውና በእምነታቸው ተለይተው የተጠቁም፣ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁም ነበሩ። አንዱ ወገን ሀጫሉን ሰማዕት ብቻ አደረገው፤ ሌላው ስሙን መስማት ጠላ። የዘፈኑ ሰው፣ የባልና የአባት ሕይወቱ በመካከል ጠፋ። አስከሬን የፖለቲካ ምርኮ ሲሆን የሚከፍለው ሌላ ድሃ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ማማረር ብቻውን ፋይዳ የለውምና ከአቅማችን በላይ ያልሆኑ ጥቂት ነገሮች ላቅርብ።

አንደኛ፣ በየቤታችን አልጋ ሥር ያሉትን ካሴቶችና ሸክላዎች እናውጣ። ካሴት ዕድሜ አለው፤ ክሩ ይደርቃል፣ ይበጠሳል። ይቀዳ። ሲቀዳም የዘፋኙ ስም ብቻ ሳይሆን ባንዱ፣ ዓመቱ፣ ግጥሙንና ዜማውን የሠራው ሰው ይጻፍ። ከጥላሁን ድምፅ ጀርባ የቆሙት ገጣሚዎችና የዜማ ሰዎች ስም እንኳ በአድናቂው ዘንድ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ በሕይወት ያሉትን እንጠይቃቸው። በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስ፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም የክቡር ዘበኛንና የፖሊስን ባንድ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። «የትኛውን ዘፈን ትወዳላችሁ» የሚለው ጥያቄ ይበቃል። ሳንሱሩ ማን ነበር? ደመወዙ ስንት ነበር? ማን ታሰረ? ምን ተሰረዘ? ይህ ይመዝገብ። ሰው ከሞተ በኋላ የሚጻፍለት የሕይወት ታሪክ ከሳሽም አመስጋኝም ሳይቆርጠው በራሱ አንደበት ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ መብታቸውን እንክፈል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ለዜማ አመንጪው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ሰጥቶታል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም የሮያሊቲ አሰባሰብ ተደንግጓል። በስደት የመታሰቢያ ኮንሰርት የምናዘጋጅ ሰዎች አዳራሹን በሟቹ ፎቶ ሞልተን በሩ ላይ ገንዘብ ስንሰበስብ ለወራሾቹ ስንት ደረሰ? ሒሳቡ በይፋ ይነገር። ለፍትሕ የሚታገል ሕዝብ ከዚህ ሊጀምር ይችላል።

አራተኛው ጥያቄ አዲስ አበባ ላሉት ባለሥልጣናት ነው። በሬዲዮው ቤተ መዛግብት ያሉት ሪል ቴፖችና የሳንሱር ወረቀቶች የማንም ፓርቲ ንብረት አይደሉም። ለተመራማሪና ለሕዝብ ይከፈቱ። ሦስት ሥርዓት በሰንደቅ ዓላማ ሸፍኖ የቀበራቸውን ሰዎች ምን ብሎ እንደ ሰረዛቸው እንወቅ።

የጥንት ነገሥታት አገሩ እንዴት እንደ ዋለ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ጥያቄው ዛሬም ይሠራል። ልዩነቱ፣ እኛ የምንጠይቀው አዝማሪው ከሞተ በኋላ መሆኑና መልሱንም እንደሚስማማን አሳጥረን መስማታችን ነው።

ለሄዱት ነፍስ ይማር። ላሉት ግን ነፍስ ይማር ከማለታችን በፊት ጆሮ እንስጣቸው።